ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእምነት ሕንጸት የት ይከርማል?

የትምህርት ዘመኑ ሊያበቃ ሲቃረብ በካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች) እና ትምህርት ቤቶች አካባቢ አንድ ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። የክረምት ትምህርተ ክርስቶስ ምዝገባ መጀመሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል፤ ወላጆችም ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሃይማኖት ትምህርት ሲማር ቆይቷል፤ አሁንስ ይረፍ» ይላል። ሌላው «ሁለት ሦስት ወር ሳይማር ከቆየ የያዘውን ሁሉ ይረሳዋል» ብሎ ይሰጋል።

ሐሳቦቹ የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም እምነትን እንደ ሒሳብና እንደ ሳይንስ በክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ መምህሩ ሲያርፍ አብሮ የሚያርፍ ትምህርት አድርገው ይመለከቱታል። የክረምቱ ጥያቄ በየዓመቱ መልስ ሳያገኝ የሚያልፈውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ለእምነት ምን ይሠራል? ቤተሰብስ? ረጅሙ ዕረፍት በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን እንዴት ይለውጠዋል? እነዚህ ሳይለዩ ምዝገባው ቢጨምር ባይጨምር ብዙም የሚነግረን ነገር የለም።

በካቶሊክ ምእመናን ዘንድ «ሕንጸት» የሚባለው ቃል እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቃሉ «ሐነጸ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መገንባት ነው። ዕውቀት ማስተላለፍ የሕንጸት አንድ ክፍል ነው፤ ጸሎት፣ ምሥጢራትን መካፈል፣ የኅሊና አመራር፣ ከሌሎች ጋር በእምነት መኖር ደግሞ የቀሩት ክፍሎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ስም የሚጋሩ ሁለት ሥራዎች

በዕለት ተዕለት ንግግር «የሃይማኖት ትምህርት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንቀላቅላለን። የመጀመሪያው በትምህርት ቤት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚሰጠው ነው፤ መጽሐፍ፣ የትምህርት ዕቅድና ፈተና አለው። ሁለተኛው ትምህርተ ክርስቶስ፣ በግሪክ ምንጩ ካቴኬሲስ የሚባለው ነው። የግሪኩ ቃል መሠረቱ ማስተጋባት፣ በጆሮ ማሰማት ማለት ነው፤ አንዱ የሰማውን ለሌላው እንዲያስተጋባ። ካቴኬሲስ የሚሰጠው ለሚያምን ወይም ለማመን መንገድ ለጀመረ ሰው ሲሆን ግቡ ያ ሰው ከክርስቶስ ጋር በኅብረት እንዲኖር ነው።

የቅድስት መንበር (የቫቲካን) ሰነዶች ይህን ልዩነት ደጋግመው አስምረውበታል። የካቶሊክ ትምህርት ጉዳዮችን የሚመራው የቫቲካን ጽሕፈት ቤት በ1988 ባወጣው ሰነድ ሁለቱ በቅርብ የተያያዙ፣ ነገር ግን በግልጽ የሚለያዩ መሆናቸውን አስረድቷል፤ በ2009ም ለጳጳሳት ጉባኤዎች በላከው ደብዳቤ ተመልሶበታል። በ1997 እና በ2020 የወጡት የካቴኬሲስ መመሪያዎችም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ፦ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፣ አንዱ ግን የሌላውን ቦታ አይወስድም።

ልዩነቱ የተሰመረበት ምክንያት ተግባራዊ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ200 ሺህ በላይ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በውስጣቸው ከሚማሩት ከ60 ሚሊዮን በላይ ልጆች ብዙዎቹ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሌላ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያምናል ብሎ መነሣት አይቻልም፤ ማስገደድማ ጭራሽ አይቻልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ማለትም የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ፣ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ እንዳረጋገጠው፣ ልጆች በምን ዓይነት የሃይማኖት ትምህርት እንደሚያድጉ የመወሰን መብት የወላጆች ነው። ስለዚህ መምህሩ ስለ ምሥጢረ ንስሐ ሊያስረዳና ሊፈትን ይችላል። ተማሪው ንስሐ ይገባ እንደሆነ ግን ውጤት የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ወላጆች እንግዳ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው በሃይማኖት ትምህርት ከመቶ 95 ማምጣቱ ስለ ዕውቀቱ እውነተኛ ምስክር ነው፤ ስለ ሕንጸቱ ግን እምብዛም አይናገርም።

ደወሉ ሲቆም

በትምህርት ዘመኑ የአንድ ልጅ ሃይማኖታዊ ልማድ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በትምህርት ቤቱ ጊዜ ሰሌዳ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት አለ፤ በበዓላት የትምህርት ቤት ቅዳሴ አለ፤ በዐቢይ ጾም ኑዛዜ ይዘጋጃል። ልጁ የሚጸልየው ሁሉም ስለሚጸልይ፣ የሚቆመውም ደወል ስለተደወለ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ልማድ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ችግሩ ደወሉ ሲቆም ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ማንም ሳያስታውሰው የሚቀጥለው ነገር የልጁ ሆኗል ማለት ነው፤ የሚቆመው ደግሞ ገና የትምህርት ቤቱ ነበር። ከዚህ አንጻር ዕረፍቱ ራሱ ሕንጸቱን አያጠፋውም። በዓመቱ ምን ያህሉ ሥር እንደሰደደ ያሳያል እንጂ።

ስለ «መርሳት» የሚነሣው ስጋት በዓለማዊው ትምህርት መስክ ለረጅም ጊዜ ተጠንቷል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ባወጡት ትንታኔ፣ ተማሪዎች በረጅሙ ዕረፍት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጡ፣ መቀነሱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ ላይ እንደሚበረታ አመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች በአዳዲስ ፈተናዎች ላይ ተመሥርተው የመቀነሱን መጠን ተጠራጥረዋል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከቁጥሩ ይልቅ ለሒሳብና ለንባብ ልዩነት የሚሰጠው ማብራሪያ ነው፦ ንባብ ቤት ውስጥም ይሠራበታል፣ ሒሳብ ግን ከክፍል ውጭ ብዙም አይነካም። ጥናቱ ሃይማኖትን አልለካም። ሆኖም ቤት ውስጥ የሚሠራበት ነገር በዕረፍት ብዙም አይጠፋም የሚለውን ግንዛቤ ወደዚህ ማምጣት ድፍረት አይሆንም። የካቶሊክ ሕንጸት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ «ንባብ» ነው ወይስ «ሒሳብ»? የክረምቱ መልስ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ሰዓት መቁጠርም ሊያታልል ይችላል። በሳምንት ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት ቤት በ36 ሳምንት 48 ሰዓት ያስተምራል። በቀን 3 ሰዓት ለ10 ቀናት የሚሰጥ የክረምት መርሐ ግብር 30 ሰዓት ይሆናል። በየማታው ለ15 ደቂቃ አብሮ የሚጸልይ ቤተሰብ ደግሞ በ70 የዕረፍት ቀናት የሚያገኘው 17 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በሰዓት ብዛት ከሄድን ቤተሰቡ የመጨረሻ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ ውስጥ በ71ኛው ቀን ያለ ምዝገባ፣ ያለ መምህርና ያለ በጀት ሊቀጥል የሚችለው እርሱ ብቻ ነው።

ወላጆች ረዳት መምህራን አይደሉም

በዚህ ጉዳይ ላይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተለመደው አነጋገር በተቃራኒው ይቆማል። ብዙውን ጊዜ ወላጆች ትምህርት ቤቱንና ቁምስናውን «እንዲያግዙ» ይጠየቃሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ አስቀምጦታል፦ የመጀመሪያዎቹና ዋናዎቹ አስተማሪዎች ወላጆች ናቸው፤ ይህ ድርሻቸው ሲጎድል የሚተካው ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ያው ጉባኤ ቤተሰብን «የቤት ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ጠርቶ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1979 ስለ ካቴኬሲስ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር የቤተሰብ ካቴኬሲስ ከሌላው ሁሉ እንደሚቀድም፣ ሌላውን ሁሉ እንደሚያጅብና እንደሚያበለጽግ አስተምረዋል። በዚህ አመለካከት የሚያግዘው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ታጋዡ ቤቱ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይከተላል። የ1983ቱ የላቲን ቀኖና ሕግ (የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች የሚመሩበት የቤተ ክርስቲያን ሕግ) በቁጥር 774 ወላጆች ከሁሉ አስቀድሞ ልጆቻቸውን በቃልና በአርአያ በእምነት የማነጽ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ የክርስትና አባትና እናት፣ በወላጅ ቦታ ያሉ አሳዳጊዎችም በዚሁ ግዴታ ውስጥ ናቸው። የ1990ው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ሕግ በቁጥር 618 ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። ሕጉ አያትንም፣ አክስትንም፣ ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅንም ያቅፋል ማለት ነው፤ አባትና እናት አብረው ለሚኖሩበት ቤት ብቻ የተጻፈ አይደለም።

የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቶችም በዚህ ረገድ አይቃረኑም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ1970 ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን በየትውልዱ የተከታተለው የቨርን ቤንግትሰን ጥናት፣ እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ የግንኙነቱ ሙቀት ትልቅ ቦታ እንዳለው አሳይቷል፤ በተለይ ከአባት ጋር ያለ ቅርበት። ተመራማሪው ክርስቲያን ስሚዝና ባልደረቦቹ በ2002 እና በ2003 ከ3 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወጣቶችን ጠይቀው የደረሱበትም ተቀራራቢ ነው፦ የወጣቱን ሃይማኖታዊ ሕይወት በመቅረጽ ረገድ የወላጆችን ያህል ክብደት ያለው ተጽዕኖ እምብዛም የለም። ጥናቶቹ በአንድ አገር የተደረጉ መሆናቸውን፣ አብሮ መገኘት ብቻውን መንሥኤን እንደማያረጋግጥም ማስታወስ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የአባቶች ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በብዙ ቤት ልጅን ትምህርተ ክርስቶስ ማድረስ የእናት ሥራ ተደርጎ ይቆጠራልና።

«እኛ ራሳችን አናውቀውም»

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ ከወላጆቹ ከራሳቸው ይመጣል። ስለ ቅድስት ሥላሴ ወይም ስለ ቅዱስ ቁርባን ልጁ ሲጠይቅ መልስ የሌለው ወላጅ እንዴት የመጀመሪያ አስተማሪ ይሆናል? የተማሩት ያስተምሩት የሚለው አቋም ምክንያታዊ ነው፤ «ወላጅ አለበት» እያሉ ሸክም መጫን ብቻውን ምንም አይፈታም።

መልሱ በሁለት በኩል ይታያል። አንደኛ፣ ከወላጅ የሚጠበቀው የመምህር ሥራ አይደለም። «በቃልና በአርአያ» የሚለው ድንጋጌ አርአያን ከቃል ጎን አስቀምጧል። የማያውቀውን «አላውቅም፤ ካህኑን አብረን እንጠይቅ» የሚል ወላጅ፣ እምነት ትልቅ ሰውም የሚማረው ነገር መሆኑን እያሳየ ነው። ሁለተኛው ግን ለቁምስናው ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው። በ1971 የወጣው የካቴኬሲስ መመሪያ ዋነኛው ካቴኬሲስ የትልልቅ ሰዎች ካቴኬሲስ መሆኑን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ በብዙ ቦታ ግን ትምህርተ ክርስቶስ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አሁንም ሕፃን ልጅ ነው። የላቲኑ ቀኖና ሕግ ቁጥር 776 የቁምስናው ኃላፊ ካህን የወላጆችን የቤተሰብ ካቴኬሲስ ድርሻ እንዲያበረታታ ያዛል። ልጆችን ብቻ ተቀብሎ ወላጆችን በር ላይ የሚመልስ የክረምት መርሐ ግብር ይህን ግማሽ ሥራ ሳይነካ ያልፋል።

የክረምት ትምህርት ታሪኩ ምን ይላል?

የክረምት መርሐ ግብሮች ዛሬ ለምን የክፍል ቅርጽ እንደያዙ ለመረዳት መነሻቸውን ማየት ይረዳል። ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ ልጆችን በእምነት የማስተማር ሥራ በሚላኖ በ1536 ካስቴሊኖ ዳ ካስቴሎ በተባለ ካህን በተደራጀ መልክ ተጀመረ፤ በእሑድና በበዓላት ልጆች ተሰብስበው ከትምህርተ ክርስቶስ ጋር ፊደልም ይማሩ ነበር። በኋላ የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዮ አስፋፉት። በ1841 በቶሪኖ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ የጀመሩት ኦራቶሪዮ ለሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ለፈለሱ ወጣቶች ነበር፤ ጨዋታ፣ ጸሎትና ትምህርት በአንድ ግቢ። በኢጣልያ ቁምስናዎች እስከ ዛሬ የሚካሄዱት የክረምት ኦራቶሪዮዎች ከዚሁ ባህል የበቀሉ ናቸው።

በዕረፍት ወራት የሚሰጠው ትምህርት በራሱ ቅርጽ የመጣው በአሜሪካ ነው። በ1898 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት የፕሮቴስታንት ሴት መንገድ ላይ ለሚውሉ ልጆች የጀመረችውን ዓይነት ሥራ፣ ሮበርት ቦቪል ከ1901 ጀምሮ ወደ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አሰፋው። በካቶሊኮች ዘንድ በኋላ ጳጳስ የሆኑት ኤድዊን ኦሃራ በ1921 በኦሪገን ገጠር የዕረፍት ጊዜ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አስጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የገጠሩ ልጆች የካቶሊክ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም።

እያንዳንዱ የተወለደው ከአንድ የተወሰነ ጉድለት ነው፦ ፊደል ከሌለበት፣ ቤተሰብ ከራቀበት፣ ትምህርት ቤት ከሌለበት። ቅርጹ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ግን ጉድለቱ አብሮ አልተዛወረም። ዓመቱን ሙሉ የሃይማኖት ክፍለ ጊዜ ለነበረው ልጅ በክረምት ሌላ ክፍለ ጊዜ መጨመር የጠገበበትን መድገም ሲሆን፣ የራበውን ማለትም የቤቱን ጸሎት ሳይነካ ይቀራል። በዓለማዊ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ካቶሊክ ልጆች ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። የላቲኑ ቀኖና ሕግ ቁጥር 798 ልጃቸውን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት መላክ ያልቻሉ ወላጆች ከትምህርት ቤት ውጭ ተገቢውን የካቶሊክ ትምህርት እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ ይሰጣቸዋል። ለእነዚህ ልጆች ስልታዊ የክረምት ትምህርት የኦሃራን ዘመን ያህል አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። አንድ መርሐ ግብር ለሁሉም ሲታወጅ ይህ ልዩነት ይዋጣል።

ዕረፍትስ?

«ይረፍ» የሚለው ወገን የሚደመጥ ነገር አለው። «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ» የተባለው መጽሐፍ ራሱ ስለ ሰንበት ሲያስተምር ዕረፍትን ለቤተሰብ፣ ለባህል፣ ለማኅበራዊና ለሃይማኖታዊ ሕይወት የተሰጠ ጊዜ አድርጎ ያየዋል። የደከመን ልጅ ከአንዱ ክፍል አውጥቶ ወደ ሌላው ክፍል ማስገባት ሃይማኖትን ከድካም ጋር እንዲያያይዘው ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ጉዳት በፈተና ውጤት አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ ይታያል። የእሑድ ቅዳሴ ግን ከዕረፍቱ ጋር አያርፍም፤ ሁለቱም ቀኖና ሕጎች ለትምህርት ዘመን ብቻ ብለው አላዘዙትም።

የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠርም ለቤተሰቡ ያግዛል። ረጅሙ ዕረፍት በሰኔና በመስከረም መካከል በሚውልባቸው አገሮች የሐዋርያት ጴጥሮስና ጳውሎስ፣ የደብረ ታቦርና የፍልሰታ ለማርያም በዓላት፣ ቀናቸው እንደየሥርዓቱ ቢለያይም፣ በዕረፍቱ ውስጥ ይገኛሉ። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ደግሞ ዕረፍቱ የሚመጣው ከልደት ጋር ነው። ቤተሰብ አስቀድሞ የበዓሉን ወንጌል አንብቦ፣ አብሮ አስቀድሶ፣ ቤት ሲመለስ ቢነጋገርበት የጥንት አባቶች ሚስታጎጊያ ይሉት ወደነበረው ነገር ይቀርባል። ሚስታጎጊያ ማለት ሰው የተካፈለውን ምሥጢር ከተካፈለ በኋላ ትርጉሙን እየፈተሸ ወደ ውስጡ መግባት ነው። ጥምቀትን፣ ሜሮንንና ቁርባንን ለሕፃን በአንድነት በሚሰጡት የምሥራቅ ሥርዓቶች ካቴኬሲስ በባሕርዩ ወደዚህ ያደላል። ልጁ ለመቀበል የሚዘጋጅበት ሳይሆን የተቀበለውን የሚያውቅበት ነውና «ጨርሻለሁ» የሚልበት ቀን የለውም።

የሥራ ሰዓታቸው የማይቀንስላቸው ወላጆች ግን አሉ። ለእነርሱ የክረምት መርሐ ግብር በመጀመሪያ ልጅ በሰላም የሚውልበት ቦታ ነው። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ዕቅድ የሚጠቅመው ጊዜ ላላቸው ቤተሰቦች ብቻ ይሆናል።

ወዴት ሊያመራ ይችላል?

መርሐ ግብሮቹ በክፍል ቅርጻቸው ከቀጠሉ የሚጠበቀው ውጤት አስቀድሞ የሚታይ ነው። ትንንሾቹ ይመጣሉ፤ ከፍ ያሉት ያቆማሉ፤ ምሥጢር ለመቀበል የሚዘጋጁት ደግሞ እስከሚቀበሉ ድረስ ይቆያሉ። ወላጆችን የሚያካትት ቅርጽ ሌላ ዋጋ አለው፦ የሚመጣው ሰው ቁጥር ያንሳል፣ የምሽት ሰዓት ይጠይቃል፣ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ትልቅ አኃዝ አይሰጥም። በምዝገባ ብዛት የሚለካ ቁምስና የመጀመሪያውን ቢመርጥ አያስገርምም።

ለትምህርት ቤቶች ክረምቱ ከሁሉ በላይ የመምህራን ጊዜ ነው። ቀኖና ሕጉ በቁጥር 804 የሃይማኖት መምህራን በትክክለኛ ትምህርት፣ በክርስቲያናዊ ሕይወት ምስክርነትና በማስተማር ችሎታ የላቁ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ከሦስቱ ውስጥ በአጭር ሥልጠና የሚገኘው ሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛው ሱባኤና የመንፈሳዊ አባት ክትትል ይጠይቃል፤ ለዚህ ደግሞ በትምህርት ዘመን ጊዜ አይገኝም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2021 የካቴኪስትነትን (የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪነትን) አገልግሎት በይፋ የሚሰየሙበት የምእመናን አገልግሎት አድርገው ማቋቋማቸውም ሥራውን ከበጎ ፈቃድ ትርፍ ጊዜ አውጥቶ ዘላቂ ጥሪ ያደርገዋል።

አዳር ያለው ጉዞ ወይም የወጣቶች ካምፕ የሚያዘጋጁ ቁምስናዎች የልጆች ደኅንነት ሕግ ሳይኖራቸው መጀመር የለባቸውም፦ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን አይቀርም፣ በጎ ፈቃደኛው አስቀድሞ ይጣራል፣ ቅሬታ የሚቀርብለት ሰው ይታወቃል። ከ2019 ጀምሮ ካህናትና መነኮሳት በደል ሲሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ ሕጉ ያስገድዳል።

ቀኖና ሕጉ በቁጥር 796 መምህራን ወላጆችን በፈቃደኝነት እንዲያዳምጡ፣ የወላጆች ማኅበር ወይም ስብሰባም እንዲኖር ያዛል። ስብሰባው በብዙ ትምህርት ቤቶች አለ። ብዙውን ጊዜ የሚነጋገርበት ስለ ውጤት፣ ስለ ክፍያና ስለ ሥነ ሥርዓት ነው። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ባለው የመጨረሻው ስብሰባ የሃይማኖት መምህሩ ልጆቹ በዓመቱ የለመዱትን ጸሎትና ለቤተሰብ ንባብ የሚሆኑትን የእሑድ ወንጌሎች ለወላጆች ቢያስረክብ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ትምህርት ሲከፈትም ልጆቹን በክረምቱ ምን እንደተማሩ ከመጠየቅ በፊት ቤታቸው ማን ከማን ጋር ይጸልይ እንደነበረ ቢጠይቅ፣ የመጪውን ዓመት ዕቅድ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።